"ይጣል" የተባሉት 63 ጎማዎች

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውየ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጫካ ዳር የተቆለለ ጎማ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጎማ ላይ በቢጫ ቀለም፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ "ይጣል" ይላል።

"ይሄ የእናንተ ነው?"

ብክድ ደስ ባለኝ። ግን የእኔ "ጣ" እግሯ ጠመም ትላለች። ድሬዳዋ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ መምህራን ሲቆጡኝ የኖሩባት "ጣ" ናት። ሰውየው ፊደሉን ስለማያውቀው ከእኛ በፊት ሁለት የሐበሻ ጋራዥ ገብቶ ጠይቋል። አንደኛው አላውቅም አለው። ሁለተኛው በጣቱ ወደ እኛ ጠቆመው። (ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ፋሲካ ላይ እንገናኛለን።)

"ምን ማለት ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ፎቶውን መልሶ አየና፣ "እንደታዘዘው ተደርጓል" አለ። አልሳቀም።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የወንድም ጋሼን ጋራዥ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሦስት የመኪና ማንሻ ሊፍት፣ አራት ሠራተኛ፣ አንድ ጀበና አለን። ከሥራችን ግማሹ ጎማ ነው። እዚህ መኪና በየዓመቱ ምርመራ ማለፍ አለበት፣ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ደግሞ ከኢንች 32ኛ 2 እጅ ማነስ የለበትም። ወንድም ጋሼ ይህን ለደንበኛ የሚያስረዳው በአንድ ሳንቲም ነው። ሊንከን ያለባትን ቀይ ሳንቲም ዘቅዝቆ ጥርሱ መሃል ይከታታል። የሊንከን ጸጉር ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው አልቋል። "ሰውየው ራሱን ካወጣ ጎማህ ሞቷል" ይላል። ደንበኛው አጎንብሶ ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል።

አራት አዲስ ሲገባ አራት አሮጌ ይወጣል። በሳምንት ሠላሳ፣ አንዳንዴ አርባ። ጓሮ ይቆለላል። እኔ ጠዋት ጠዋት ቢጫ የቀለም ማርከሬን ይዤ እወጣና እለያለሁ። ጥርስ የቀረው፣ ጎኑ ያልተሰነጠቀ፣ ዕድሜው ያልገፋ ከሆነ "ይሸጥ" እጽፍበታለሁ። ዕድሜውን ከጎኑ ማንበብ ይቻላል፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ናቸው። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። "ይሸጥ"ን የሚገዙት አብዛኞቹ ኡበር የሚነዱ ልጆች ናቸው። የቀረው "ይጣል" ነው። በአማርኛ የምጽፈው ፈረንጁ ደንበኛ አንብቦ "እሱን በርካሽ ስጡኝ" እንዳይለኝ ነበር። ሐበሻው ደንበኛማ አንብቦም ይለኛል።

እዚህ ላይ ስለ አንዷ ዶላር ልናገር፤ በሳምንት አምስት ጊዜ የምጨቃጨቅባት ናት።

አዲስ ጎማ ስንሸጥ በእያንዳንዱ ላይ 1 ዶላር ለክፍለ ግዛቱ እንሰበስባለን። ደረሰኙ ላይ ለብቻዋ ትወጣለች። ከሥሯ ደግሞ ለአሮጌው ማስወገጃ እኛ የምናስከፍለው አለ። ደንበኛው ሁለቱን ያያል፤ "አንዴ ከፍዬ የለም እንዴ?" ይላል። አልከፈልክም ወንድሜ። አንዷ ዶላር ጎማህን የትም አትወስደውም። እሷ የምትገባው ወደ ክፍለ ግዛቱ የጎማ ፈንድ ነው። ፈንዱ ድሮ ተቆልለው የተተዉ ጎማዎችን ያስጠርጋል፣ አሮጌ ጎማን ለአንድ ቁም ነገር ለሚያውሉ ድርጅቶችም በቶን እየለካ ይከፍላል። ጎማህን ከእኛ ጓሮ አንስቶ የሚጭነው ሰው ግን ለብቻው ይከፈለዋል። ሁለተኛዋ መስመር ለእሱ ናት።

ቨርጂኒያ ክፍያውን የጀመረችው በ50 ሳንቲም ነው፤ ከ2003 ወዲህ 1 ዶላር ሆነ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ወንዙን ተሻግረህ ሜሪላንድ ብትገዛ ለዓመታት 80 ሳንቲም ነበር፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ 1 ዶላር ከ75። እንዲህ የሚለያየው የአሮጌ ጎማ ጉዳይ በዋነኛነት ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ስለሆነ ነው። ሚኒሶታ በ1985 ቀድማ ሕግ አወጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሐበሻ ደንበኛ ይህን ሁሉ ስነግረው በትዕግሥት ይሰማኝና "እሺ፣ ዶላሯን ግን ቀንሺልኝ" ይላል።

አሁን ወደ ጥፋታችን።

ጎማችንን የሚያነሳልን ድርጅት በአንዱ 3 ዶላር ከ50 ያስከፍለን ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፣ ይቆጥራል፣ ወረቀት ይፈርማል፣ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ግን አንድ ፒክአፕ ያለው ሰው ብቅ አለ። በ1 ዶላር ከ50 አነሳላችኋለሁ አለ። ወንድም ጋሼ ዓይኑ በራ። እውነቱን ልናገር፣ የእኔም በራ። 63 ጎማ ነበረን። 94 ዶላር ከ50 በጥሬው ከፈልን፤ 126 ዶላር ተረፈን። ሰውየው ከረዳቱ ጋር ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጫነ። ደረሰኝ ስጠይቀው "ቴክስት አደርግልሻለሁ" አለ። አደረገም። የአውራ ጣት ምስል ላከልኝ።

ያቺ አውራ ጣት ብቻ ናት በኋላ፣ ፎቶውን ይዞ ለመጣው የመንግሥት ሰው ያሳየሁት ማስረጃ።

ሰውየው ቁጡ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። ቁጭ ብሎ ሕጉን አስረዳን። በቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ ከ100 አሮጌ ጎማ በላይ ማከማቸት ወይም መጣል ወንጀል ነው። 500 ከደረሰ ደረጃው ወደ ከባድ ወንጀል ከፍ ይላል። መሬቱን ለሌላ ሰው ጎማ መከመሪያ የሚፈቅድ ባለቤትም አይድንም። እናንተ 63 ናችሁ አለን። ሄዳችሁ አንሱ፣ ፈቃድ ወዳለው ቦታ አድርሱ፣ ደረሰኙን አምጡ። አሥራ አምስት ቀን ሰጠን። ባለፒክአፑ ጋ ደወልን። ስልኩ አይሠራም።

ወንድም ጋሼ ፊቱን ሲያጠቁር ሰውየው ገባው መሰለኝ፣ አንድ ነገር ነገረን። የልጅነት አገሩ ዊንቸስተር አካባቢ ነው። እኛ ዊንቸስተርን የምናውቀው በፖም ነው፤ በየመኸሩ ልጆች ይዘን ለቀማ እንሄዳለን። እሱ የሚያውቃት በጭስ ነው። በ1983 ኦክቶበር 31፣ ልጆች ጭምብል አድርገው ከረሜላ በሚለምኑበት የሃሎዊን ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራ ሥር የነበረ የጎማ ክምር ላይ ሆን ብሎ እሳት የለቀቀ ሰው ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ጎማ ነው፤ ብዙዎቹ 7 ሚሊዮን ይሉታል። ባለቤቱ ለዓመታት የሰበሰበው ነው። ዘጠኝ ወር ነደደ።

ዘጠኝ ወር ሲል ወንድም ጋሼ "ዘጠኝ ቀን?" አለው። ዘጠኝ ወር።

የጎማ እሳት ለምን እንደማይጠፋ ለጎሚስታ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ጎማ ቅርጹ ራሱ ጉድጓድ ነው፤ በሆዱ አየር ይዞ ይቀመጣል። ውኃ ብትረጭበት ከላይ ይንሸራተታል እንጂ ውስጥ አይገባም። ሲነድ ደግሞ ይቀልጣል። ከአንድ የቤት መኪና ጎማ ወደ 2 ጋሎን ዘይት ይወጣል ይባላል። የዊንቸስተሩ ክምር ዘይት ቁልቁል ፈስሶ ጅረት ገባ፤ ያ ጅረት ዞሮ ዞሮ ፖቶማክ ነው የሚደርሰው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ግድብ ሠርቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጋሎን ዘይት ሰበሰበ። ቦታው ከአገሪቱ አደገኛ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር የወጣው በ2005 ነው። ከእሳቱ እስከዚያ ድረስ አንድ ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ይችላል።

ሰውየው እናቱ ልብስ ውጭ ማስጣት እንዳቆመች ያስታውሳል። ይህን ብሎ ቡናውን ጠጣና ሄደ። (ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቷል፤ ሦስተኛውን አልፈለገም። በረካ እንዲቀርበት አልመከርኩትም ነበር።)

ቅዳሜ ዩሆል የሚሉትን የኪራይ ጭነት መኪና ተከራይተን ሄድን። እኔ፣ ወንድም ጋሼና የእህታችን ልጅ። ኖቬምበር ነው፣ ብርድ ነው፣ ቅጠሉ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ቦታው ወደ ደቡብ አርባ ደቂቃ ይሆናል። ደረስን፣ ወረድን፣ ከዚያ ሦስታችንም ቆምን።

ክምሩ የእኛ ብቻ አልነበረም።

የእኛዎቹ ከላይ ናቸው። ከሥራቸው ሌላ ጎማ አለ፣ የቆየ፣ አረም የበቀለበት፣ ጭቃ የሞላው። ልጁ ቆጠረ። ወደ አርባ ገደማ። እዚህ ላይ ወንድም ጋሼ በሕይወቴ ያልረሳሁትን ስሌት ሠራ። "63 እና 40፣ 103። ይህን ሁሉ አንስተን ጓሮ ብናሳድር ያለ ፈቃድ ከ100 በላይ አከማቸን ማለት ነው።" ሰው ጫካ ሊያጸዳ ሄዶ ወንጀለኛ ሆኖ ሊመለስ! ሳቅ መጣብኝ። እሱ አልሳቀም፤ እሱ ዩሆሉን በሰዓት ነው የሚያስበው።

ስለዚህ የእኛን ብቻ ማንሳት ነበረብን። የእኛ የትኛው ነው? "ይጣል" ያለበት። አንድ በአንድ እያገላበጥን ማንበብ ያዝን። ልጁ እዚህ ነው የተወለደው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ይማራል። "ይ፣ ጣ፣ ል" እያለ በእጅ ባትሪ ያነባል። "ይጣል። ይጣል። ይሄ አይደለም። ይጣል።" አማርኛ ማንበብ የለመደው ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እያንዳንዱ ጎማ ውኃ ይዟል። ዝናብ ሲገባበት አይወጣም፤ እንዴት ብታዞረው የሆነ ያህል ይቀርበታል። ጥቁር፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት ውኃ። ሁለቱን ስናነሳ ጓንቴ ውስጥ ገባ። ብርድ ስለነበረ ትንኝ የለም። በጋ ላይ ግን እዚያ መቆም አይቻልም ነበር። በቀን የምትነክሰዋ፣ እግሯ ላይ ነጭ ሰንበር ያላት ትንኝ፣ በበጋ ጓሮ መቀመጥ የከለከለችን፣ አሜሪካ ውስጥ መራባቷ የታወቀው በ1985 ሂዩስተን ነው። የመጣችውም ከእስያ በተጫነ አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው ይባላል። እንቁላሏ ደረቅ ጎማ ላይ ተጣብቆ ወራት ይቆያል፤ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል።

ይህን ስሰማ አባባን አሰብኩ።

አባባ ድሬ፣ ከዚራ፣ ጎሚስታ ነበር። አሁን እጁ ስለደከመ ቤት ነው። ሱቁ በር ላይ ሁልጊዜ በግማሽ የተቆረጠ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ነበር፣ ውኃ የሞላው። የተበሳ ጎማ እሱ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋው የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ውኃው በወር አንዴ ቢቀየር ነው። እኛ ልጆቹ በውስጡ የሚንቀለቀሉትን ትንንሽ ትሎች "አሳ" እንላቸው ነበር። ከሱቁ ጎን የተቆለሉት ጎማዎችም እንደዚያው። በ2013 ድሬዳዋ ላይ የዴንጊ ትኩሳት ሲገባ አባባ ሳምንት ሙሉ "አጥንቴ ተሰባበረ" እያለ ተኛ። ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ውኃ የያዘ ጎማ ትወዳለች። በ2022 ደግሞ ወባው መጣ፤ አዲስ የገባች፣ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ የወባ ትንኝ አመጣችው። ድሬ ላይ ወባ ዱሮም አለ። ግን በበጋ፣ በደረቅ ወቅት፣ መሃል ከተማ?

እሑድ ደወልኩለት። ሁሉን ነገርኩት፤ ጫካውን፣ 63ቱን፣ አውራ ጣቷን።

"ቆይ" አለኝ። "ሰው ጎማ እንዲወስድላችሁ ትከፍላላችሁ?"

"አዎ አባባ።"

"ከፍላችሁ? አቦ፣ እናንተ ልጆች!"

አልገባውም፤ እንዴትስ ይገባዋል? በእሱ ሱቅ ጎማ ሞተ የሚባል ነገር የለም። ጥርሱ ሲያልቅ ለጋሪ ይሸጣል። ለጋሪም ካልሆነ በረባሶ ሠሪው ይመጣል፣ በካራ እየሸነሸነ ይወስዳል። ሶሉ ከጥርሱ፣ ማሰሪያው ከውስጡ ላስቲክ። እኔ ራሴ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በረባሶ አድርጌያለሁ፤ ዝናብ ሲመታው ቺክ ቺክ ይላል። የተረፈው የጉድጓድ ውኃ መቅጃ ባልዲ፣ የአልጋ ጠፍር፣ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ሙሉ ሰፈር በዚህ ይተዳደራል። ዘነበወርቅ ሰፈር የተጀመረው ሶልሬብልስ ደግሞ ያንኑ የበረባሶ ሐሳብ ይዞ ከአገር ውጭ ድረስ ጫማ ሸጧል። ይህን ሁሉ በኩራት ነው የማወራው። ግን የነገሩ ልዩነት ብዛቱ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ250 ሚሊዮን በላይ ጎማ ያልቃል። ይህን ያህል በረባሶ ማን ያደርጋል?

ማክሰኞ ዕለት 63ቱን ይዘን ፈቃድ ወዳለው መፍጫ ሄድን። እኔ መኪና ውስጥ መቅረት እችል ነበር፤ ግን የት እንደሚገባ ማየት ፈለግኩ። ጎማው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ወደ ላይ ይወጣና ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ጥርሶች መሃል ይወድቃል። ድምፁ አጥንት የሚሰበር ይመስላል። በሌላ በኩል የመዳፍ ያህል ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። ጠርዙ ላይ የጎማ ሽቦ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። ያን ሽቦ ማግኔት ይለቅመዋል፤ ለብረት ማቅለጫ ይሸጣል።

ቁራጩ የት እንደሚሄድ ሠራተኛውን ጠየቅኩት። ትልልቁ ቁራጭ ቆሻሻ መድፊያ ሥር እንደ ጠጠር ይነጠፋል፣ ውኃ እንዲያሳልፍ። ሌላው ሲሚንቶ ፋብሪካና ወረቀት ፋብሪካ ሄዶ በድንጋይ ከሰል ፋንታ ይነዳል። ጎማ በክብደት ከከሰል የበለጠ ሙቀት አለው። የባሰ የደቀቀው የልጆች መጫወቻ ሥር የሚነጠፈው፣ የሰው ሠራሽ ሜዳው ጥቁር ፍርፋሪ፣ ከአስፋልት ጋር የሚደባለቀው ነው። ልጄ ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ ካልሲው ውስጥ የማገኘው ፍርፋሪ፣ ለካ የሰው ጎማ ነው።

ማቃጠሉ "መልሶ መጠቀም" ይባላል ወይ? እኔ አይባልም ባይ ነኝ። ማገዶ ነው። ግን ዊንቸስተር ተራራ ሥር ጭሱ ሳይጣራ ዘጠኝ ወር ከሚነድ፣ ጭሱን የሚቆጣጠር ምድጃ ውስጥ ቢነድ ይሻላል። በ1990 ገደማ አገሪቱ ውስጥ ወደ አንድ ቢሊዮን ጎማ ተከምሮ ነበር፤ አሁን 50 ሚሊዮን ገደማ ነው የቀረው። ደረሰኝ ላይ የምታስጨቃጭቀኝ ዶላርና እሷን የመሰሉ የየክፍለ ግዛቱ ክፍያዎች ናቸው ብዙውን ያስጠረጉት። ደግሞም ሁሉም ነገር አልተፈታም። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ በየጅረቱ የሚሞቱ ሳልሞን ዓሦች ነበሩ። በ2020 ምክንያቱ ሲገኝ፣ ጎማ እንዳይሰነጠቅ ከሚጨመር ኬሚካል የሚወጣ ነገር ሆነ። ከአሮጌ ጎማ ክምር ሳይሆን መንገድ ላይ ከሚፋቀው ጥርስ። ለዚያ ዓይነቱ ደግሞ ደረሰኝ የሚሰጥ የለም።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ነው። ያተረፍነው 126 ዶላር። ዩሆል፣ ነዳጅ፣ የመፍጫው ክፍያ፣ የአንድ ቅዳሜ ሥራ መዘጋት፣ የልጁ ፒዛ፤ በድምሩ ከ700 ዶላር አለፈ። ወንድም ጋሼ ይህን ወረቀት ቢሮው ግድግዳ ላይ እንድለጥፈው አልፈቀደም።

ደረሰኙን ለዚያ የመንግሥት ሰው ላክን፤ ከሥር ስለቀሩት አርባዎቹም ነገርነው። በጸደይ ሳልፍ አየሁት፣ ተጠርጓል።

የድሮው ድርጅት እንደገና ይመጣል፣ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ። ዋጋውን በአንዱ 25 ሳንቲም ጨምሯል። አልተከራከርንም። አሁን ጎማው ላይ ከ"ይጣል" ሥር ቀኑንና የወረቀቱን ቁጥር እጽፋለሁ። ሾፌሩ ኤልሳልቫዶራዊ ነው፤ ቃሏን ከልጁ ሰምቶ ለመዳት። ክላክስ አድርጎ ጓሮ ይገባና፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት "ይጣል?" ይለኛል።

"ይጣል" እለዋለሁ። "መጀመሪያ ግን ፈርምልኝ።"